የቬርና ፕሬዚዳንት

ሀዚም ኮምቦልቻ ውስጥ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል፤ የሚያድረው ግን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከእናቱ ከመሪየም ጋር ነበር። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ቬርና ወደምትባለው አገር ይገባል። ቬርና የኢንተርኔት ጨዋታ ናት። ዜጎቿ ከየዓለሙ የተሰበሰቡ ተጫዋቾች ሲሆኑ ምርጫ፣ ምክር ቤትና ሕግ አላቸው።

እዚያ ተራ ዜጋ ሆኖ ነው የጀመረው። ሌሎቹ ስለ ግብር ሲጨቃጨቁ እሱ መጀመሪያ፣ «እንዴት ዋላችሁ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹስ?» ብሎ ይጽፋል። ሳቁበት። እየዋለ ሲያድር ለመዱት፤ ልጁ የታመመበትም፣ ሥራ ያጣም ለእሱ ይነግረው ጀመር። ምክር ቤት አስገቡት፤ ቆይተው ፕሬዚዳንት አደረጉት።

እህቱ ኢንሻራህ ከሐርቡ ለጥየቃ ስትመጣ፣ «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ውሃ መጥቷል፤ ጀሪካኑን ይያዙ!» ትለዋለች።

«ተይው እስቲ፣ ሹመት ነው» ትላለች እናቱ። «ደመወዝ የሌለው ሹመት!»

ከኢድ ማግሥት መሪየም አረፈች። ሀዚም ስልኩን ዘግቶ ለቅሶ ተቀመጠ። ለቅሶተኛው ተመናምኖ፣ ኢንሻራህም ወደ ባሏ ቤት ከተመለሰች በኋላ ስልኩን ከፈተ። ሳያስፈቅድ ጠፍቷል ተብሎ ከሥልጣኑ ታግዷል።

«እናቴ ሞታ ነው» ብሎ ጻፈ።

ምክትሉ የነበረችው ተጫዋች ወዲያው መለሰች፦ «አዝናለሁ። ምክር ቤቱ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። አምና አንዱ አያቱን ሁለቴ ገድሎብናል። የመቃብሩ ፎቶ ይበቃል፤ እስከ ማታ ላክ።»

ሹመቱን አጥብቆ ይፈልገው ነበር። ባዶ ቤት ገብቶ የሚያወራው ከቬርና ሰዎች ጋር ብቻ ነበር።

ባጃጅ ይዞ መካነ መቃብሩ ሄደ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ስልኩን አውጥቶ አነጣጠረ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አሉት በአጠገቡ የሚያልፉ ሽማግሌ።

«እናቴ።»

«ኢናሊላሂ! ስሟን ማን ልበል?»

«መሪየም።»

ሽማግሌው ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ሀዚም ስልኩን ኪሱ ከተተና አብሯቸው ዱዓ አደረገ።

ቤቱ ገብቶ፣ «ማስረጃ የለኝም» ብሎ ላከ።

ማታ በእሱ ምትክ ምርጫ ተካሄደ። እንደ ማንኛውም ዜጋ አንድ ድምፅ ነበረው፤ ለምክትሉ ሰጣት። አሸነፈች። ሁሉም ስለ አዲሱ ካቢኔ ሲጽፉ አመሹ፤ እሱን ግን «እንዴት ዋልክ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።