ተከላካዮቻችንን ያሠለጠኑት የእድር ለፋፊ

በዚያ እሑድ ከሰዓት ሜዳው ዳር የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥቀስ። አሠልጣኛችን ጋሽ ንጉሤ ነበር፤ የስፖርት መምህር ነው። የቀበሌው ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ወርቁ ነበሩ፤ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ይዘዋል። በረኛችን ሙዘይን፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ። ቀኝ ተከላካዩ ፈቃዱ፣ የማይቀልድበት ነገር የለም። ግራ ተከላካዩ ጫላ። መሀል ላይ ከእኔ ጋር የሚሰለፈው ለሜሳ። እኔ። በመጨረሻ ደግሞ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከታች ሰፈር በኩል የመጡት ኦቦ ዲሳሳ። የቀሩት ተጫዋቾች በወዲያኛው ጎል በኩል ይሮጡ ስለነበር የመጀመሪያውን ንግግር አልሰሙም፤ ስለዚህ አልቆጠርኳቸውም።

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የአምቦ ሜዳ ጭቃ ሲደርቅ ነው። አንዳንዶች ቅዳሜ ነበር ይላሉ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ እኔን ከሥራ የሚለቀኝ አልነበረም፤ እሑድ ነው። የማልረሳው ያን ቀን ያገኘሁት ነገር እስከ ዛሬ ስለሚያገለግለኝ ነው።

የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ከተነሣ አፍ ሥራ የለውም፤ የምንነጋገረው በእጅ ነው። መዳፍ ከተዘረጋ «ቁም፣ አትጨምር» ማለት ነው። ጣት ወደ ራስ ከታጠፈ «ተራህ ደርሷል፣ ና» ማለት ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እዚያ ከገባሁ ጀምሮ እንዲሁ ኖሬያለሁ። ከልጅነቴም ዝምተኛ ስለነበርኩ አልከበደኝም። እረፍት ሳገኝ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። ከሰው ጋር የምውልባት ሰዓት የልምምድ ሰዓት ብቻ ነበረች። ከቡድኑ ብወጣ ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም።

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሳምንት ጉደር ሄደን ተሸነፍን። የመጀመሪያው ጎል የገባው እንዲህ ነው። ረጅም ኳስ በእኔና በሙዘይን መሀል መጣ። እኔ ኳሱን እያየሁ መዳፌን ዘረጋሁ፤ «ቁም፣ እኔ አለሁ» ማለቴ ነው። ሙዘይን ከኋላዬ ሲያየኝ ኦፍሳይድ ብዬ ለመስመር ዳኛው ያመለከትኩ መሰለውና እሱም እጁን አነሣ። ለሜሳም አነሣ። ጫላና ፈቃዱም አነሡ። አምስታችንም እጃችንን ሰቅለን ቆመን ሳለ የጉደር አጥቂ በመሀላችን አልፎ ኳሱን ባዶ ጎል ውስጥ አስቀመጠው። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አላነሣም። ማንሳትም አልነበረበትም።

በጭነት መኪና ስንመለስ ፈቃዱ፣ «ለቤተሰብ እንዴት ብለን እንንገር? ጉደር ማረከን እንበል?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ንጉሤ አልሳቀም። ስንወርድ ለብቻዬ አስቀርቶ፣ «አንተ ልጅ፣ ኳስ ወዴት እንደሚሄድ ከሁሉም ቀድመህ ታያለህ። ያየኸውን ግን ለማንም አትናገርም። ከጊንጪ ጋር እስክንጫወት አፍህን ክፈት። ካልከፈትክ ትቀመጣለህ» አለኝ። በቁጣ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለተከላካዮች አዲስ አሠልጣኝ ሊመጣልን ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ከአዲስ አበባ ነው አሉ። ለትልቅ ክለብ የተጫወተ ነው አሉ። ጫላ ጫማውን በሳሙና አጠበ። እኛም ማሊያችንን ወደ ውስጥ ከትተን ተሰልፈን ስንጠብቅ ኦቦ ዲሳሳ መጡ።

ኦቦ ዲሳሳ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጥሩንባቸውን ነፍተው፣ ማን እንዳረፈና ቀብሩ መቼ እንደሆነ በየመንደሩ ይናገራሉ። ጥሩንባቸው ነሐስ ነው ይባላል፤ አይቼዋለሁ፣ ቆርቆሮ ነው። እኛ ሰፈር ያ ጥሩንባ ከተሰማ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ስኒ ያነሣ ስኒውን እንደያዘ፣ በር የሚከፍት በሩን እንደያዘ፣ ስሙ እስኪጠራ ያዳምጣል።

ፈቃዱ ጥሩንባውን ከጋቢያቸው ሥር ሲያይ፣ «ኦቦ ዲሳሳ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለ።

«አካም ጅርቱ ልጆች» ብለው መጀመሪያ ሰላምታ ሰጡን። ከዚያ፣ «እስካሁን ማንም። ግን በጉደር በኩል አንድ የተከላካይ መስመር ተዝረክርኮ ተገኝቷል ሲሉ ሰማሁ» አሉ።

ጓድ ወርቁ ግራ ገብቷቸው ጋሽ ንጉሤን አዩት። «ለአውራጃው ማን ብዬ ላሳውቅ ነው?»

«ኦቦ ዲሳሳ ብለው ያሳውቁ።»

«ሙያቸውስ?»

«ድምፅ» አለ ጋሽ ንጉሤ። «ኳሱን እኔ አስተምራቸዋለሁ። እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ግን ላደርጋቸው አልቻልኩም።»

ኦቦ ዲሳሳም አልዋሹንም። «ኳስ አላውቅም። ሰው መጥራት አውቃለሁ» አሉን። ከዚያ ያለ ኳስ፣ ጀርባ ለጀርባ አራርቀው አቆሙን። ጥሪ በስም ይጀመር አሉ። «እኔ ዝም ብዬ ‹ኑ› ብል ማን ይመጣል? ሁሉም ጎረቤቱን የጠራሁ ይመስለዋል። መጀመሪያ ስም፤ ሰውየው ይነቃል። ቀጥሎ ጉዳዩን፤ አጭር አድርጋችሁ።»

ችግሩ ወዲያው መጣ። ለማሳየት፣ «ፈቃዱ!» ብለው በዚያ ድምፃቸው ሲጣሩ ፈቃዱ ጆሮውን ያዘ። «ኧረ በማርያም የእኔን ስም ተዉት። እናቴ እዚህ ቅርብ ናት፤ ድንኳን ልትጥል ትነሣለች።» ለቀልድ ነበር፤ ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ስሙ በለፋፊ አፍ እንዲጠራ የሚወድ ሰው የለም።

ተራው ለእኔ ሲደርስ ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ አጠገቤ ላለው ለለሜሳ እንኳን አልተሰማም። ለሜሳ አልሳቀብኝም። «ዱቄት ገብቶበት ነው፣ ይጠራል» አለ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት በጣም ተቆጣች። በማግስቱ ኦቦ ዲሳሳን መንገድ ላይ ጠብቃ፣ «ኦቦ ዲሳሳ፣ ኳሱን ያስተምሩት፤ የልጄን ስም ግን እንዳይጠሩብኝ። እሱን ከእርስዎ አፍ መስማት አልችልም» አለቻቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «አልጠራም» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን «ረጅሙ» ይሉኝ ጀመር።

ከሁለት ቀን በኋላ ወፍጮ ቤት መጡ። እህል አልያዙም። ሞተሩ እየጮኸ በሩ ላይ ቆመው፣ «ረጅሙ! ይሄ ጤፍ የማነው?» አሉ። ድምፃቸው ሞተሩን አልፎ መጣ። ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ወደሚጠብቁት ወደ አዴ ሞቱማ በጣቴ አመለከትኩ። «አላየሁም» አሉ። ደግመው ጠየቁኝ። ተሰልፈው የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። «የአዴ ሞቱማ ነው» አልኩ። አልተሰማም። ሆዴን ይዤ እንደገና ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ አዴ ሞቱማ ራሳቸው ብድግ አሉ።

«ውይ፣ ይሄ ልጅ ይናገራል እንዴ?» አሉ ሴትየዋ። «ስንት ዓመት ሙሉ ዲዳ መስሎኝ ሳዝንለት።»

ኦቦ ዲሳሳም ከዚያ ወዲያ ማንንም በጣት እንዳልጠራ ነገሩኝ። «አዴ ሞቱማ! ጤፍዎ ደርሷል!» «እቴ ብርቄ! ጆንያሽን ያዢ!» እያልኩ ዋልኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጉሮሮዬ ቆሰለ። ሴቶቹ ግን ወደዱት፤ አንዳንዶቹም ሆን ብለው ያልሰሙ እየመሰሉ ያስደግሙኝ ነበር። ኦቦ ዲሳሳ በየማለዳው ብቅ ብለው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

የጊንጪ ጨዋታ ቀን ጋሽ ንጉሤ አሰለፈኝ። ግን ተቀያሪውን ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ ማሊያ አስለብሶታል፤ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው አጋማሽ ጫላ ቅጣት ምት አገባና አንድ ለዜሮ መራን። ያን ጊዜ ድረስ ሁለቴ ሦስቴ ጮኼያለሁ፤ የተመልካቹ ጩኸት ዋጠው።

ከእረፍት መልስ ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ የእድሩ ሰው መጥቶ ኦቦ ዲሳሳን በጆሯቸው አናገራቸው። ሰው አርፏል፣ ድንኳን የሚተክሉ ወንዶች ቶሎ ይጠሩ ማለት ነው። በመስመሩ ዳር ሲያልፉ፣ «እኔ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እናንተ ወደ ሥራችሁ» አሉን። ማን እንደሞተ አልተናገሩም። የለሜሳ አባት በዚያን ጊዜ ከታመሙ ቆይተው ነበር፤ ቤታቸውም ታች ሰፈር ነው። ለሜሳ ጀርባቸውን ሲያይ አየሁት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጥሩንባው ከታች ሰፈር ተሰማ። ሜዳው በአንዴ ጸጥ አለ። ቆሎ የምትሸጠው ሴት መስፈሪያዋን አየር ላይ ያዘች። ጋሽ ንጉሤም ቆመ። የእኛ ልጆች በሙሉ ባሉበት ቆሙ። ለሜሳ ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ። እኔም ጆሮዬ ወደዚያ ሄዶ ነበር።

የጊንጪ ልጆች ግን እድራቸው ሌላ ነው፤ አልቆሙም። ክንፍ ላይ የነበረው ልጅ ኳሱን ወደ መሀል አሻገረው። የመጣው ልክ እንደ ጉደሩ በእኔና በሙዘይን መሀል ነው። ዘጠኝ ቁጥራቸው በለሜሳ ጎን ሮጦ እያለፈ ነው፤ ለሜሳ አላየውም። ቀኝ እጄ በራሱ ጊዜ ሲነሣ ታወቀኝ። አወረድኩት።

«ሙዘይን! ያንተ! ለሜሳ! ዘጠኙን!»

በዚያ ጸጥታ ከእኔ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። ሙዘይን ከጎሉ ወጥቶ ኳሱን አየር ላይ ያዘው። ለሜሳ ስሙን ሲሰማ እንደ ነቃ ሰው ዞሮ ዘጠኙን በትከሻው ገፋው፤ ዳኛው ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ነው የሞተው ሰው ስም የተጠራው። በተመልካቹ መሀል ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ሲደርሰን ያረፉት አንዲት ጡረተኛ እናት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የለሜሳ አባት አልነበሩም። ለሜሳ ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ፈቃዱ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «አንተ ነህ ወይስ ሬዲዮ ነው?» አለኝ።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በሚቀጥለው ዙር ተሸንፈን ከውድድሩ ወጥተናል፤ እሱን ሳልጽፍ ብቀር ትክክል አይሆንም። ቦታዬን ግን አላጣሁም።

ኦቦ ዲሳሳ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመጡ አብዛኛው ሰው ተበትኗል። እኔ ጫማዬን እየፈታሁ ነበር።

«ሁሉቃ ወንዝ ዳር ሆኜ ጥሩንባዬን ነፍቼ ስም ልጠራ ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ» አሉኝ። «ለፋፊ ሌላው እየተናገረ አያቋርጥም። እስክትጨርስ ጠበቅኩህ።»

እጃቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

ዛሬም ወፍጮ ቤት ነኝ፤ ሰው የምጠራው በስሙ ነው። ሰው እንድናገር ሲጠይቀኝ እናገራለሁ። አምና በክረምት ኦቦ ዲሳሳ ደረታቸውን አሟቸው ሲተኙ በእሳቸው ፈንታ ጥሩንባውን ይዤ ዞሬያለሁ፤ እናቴም አልከለከለችኝም። እሳቸው ለእሷ የገቡትን ቃል እስከ ዛሬ ጠብቀዋል። እኔን ስም እንድጠራ ያስተማሩኝ ሰው ስሜን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ምስጋናዬ ይበዛል። ጋሽ ንጉሤንም ቢሆን፣ ከከተማው ሰው ሁሉ እሳቸውን ስለመረጠልን አመሰግነዋለሁ።

አሁን የጎደለኝን እጠይቃለሁ። ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበራችሁ፣ የሳትኩት ካለ ጻፉና አርሙኝ። ሙዘይን፣ ኳሱን የያዝከው በሁለት እጅህ ነው ወይስ መጀመሪያ አምልጦህ ነበር? ፈቃዱ፣ ኦቦ ዲሳሳን የማምጣት ሐሳብ ለጋሽ ንጉሤ የመጣለት ከአንተ ቀልድ ነው ትላለህ፤ እሱ ይክዳል፤ ምን እንዳልከው ጻፍ። የጊንጪው ዘጠኝ፣ ስምህን ስለማላውቅ ይቅርታ፤ ጥሩንባውን ሰምተኸው ነበር?

አንዱ ሩቅ ነው፤ በሰሜን በግዳጅ ላይ ይገኛል። ይህን የምጽፍለት መጽሔት እዚያም እንደሚደርስ ሰምቻለሁ። ለሜሳ! አባትህ ደህና ናቸው። ያን ቀን ፊትህን ወደ ቤት አዙረህ ቆመህ ሳለ ከእኔ ድምፅ በፊት ምን ትሰማ ነበር? ጻፍልኝ።