የዙማና ፎምባ አሥራ አንድ ደብተሮች

ያንን ዶክተር ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ሽቅብ ሽቅብ ይለኛል። ሰው በመጥላት የምታወቅ አይደለሁም። ሞሪባ ኩሊባሊ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሴጉ ከተማ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት አርባ ዓመት ስሰፋ ወፍራሙንም ቀጭኑንም፣ ጨዋውንም ጉረኛውንም ችዬ ኖሬያለሁ። እሱን ግን አልቻልኩም። የሱን ነገር ለማውራት ደግሞ ከጓደኛዬ ከዙማና መነሳት አለብኝ።

ዙማና ፎምባ ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በየአድራሻው የሚለይ ሠራተኛ ነበር። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲሄድ እንኳ መሬቱን ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ጠዋት በሱቄ በኩል ሲያልፍ «አንተ ባሪያዬ፣ ዛሬም አረፈድክ?» እለዋለሁ። እሱም ሳይቆም «ዝም በል አደንጓሬ በሊታ፣ ሆድህ ከስፌት መኪናህ በላይ ይጮኻል» ይለኛል። ኩሊባሊና ፎምባ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርዱ የጎሳ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱ ጎሳዎች ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ፎምባ ባየሁ ቁጥር ባሪያዬ ማለት መብቴ ነው፤ እሱም እኔን ባሪያዬ፣ እንደ ማንኛውም ኩሊባሊም አደንጓሬ በሊታ ማለት መብቱ ነው። ለቅሶ ቤት ብንሰዳደብ እንኳ የሚቀየም የለም፤ ሰው የሚከፋው ዝም ከተባባልን ነው። አርባ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ላዩ ላይ «ለፎምባ፣ ሴጉ» ብቻ የሚል ደብዳቤ መጣ። ዙማና ከተማው ውስጥ ያሉ ፎምባዎችን ቤት ሁሉ አንኳኳ፤ የኔ ነው ያለ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅርጫት ውስጥ ይከተው ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ ለላኪው መልስ ጻፈ። ላኪው ቡዋኬ ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ አባቱ ሲሞት «ዘመዶችህ ሴጉ ናቸው» ብሎት ነበር። ሁለቱ መጻጻፍ ጀመሩ፤ መካኒኩ ሲጊሪ ውስጥ ወርቅ የሚቆፍር ሌላ ፎምባ ጠቆመው፣ ወርቅ ቆፋሪው ደግሞ ካይ ከተማ ያለች አዋላጅ። ዙማና የሁሉንም ስም፣ አገርና ሙያ በደብተር መጻፍ ያዘ።

ሠላሳ ዓመት ጻፈ። ሲካሶ ውስጥ ስለ ከዋክብት በእጁ የጻፈውን መጽሐፍ ለማንም የማያሳይ ሼህ አለ። ባማኮ ውስጥ ትንኝ የምታጠና ሴት አለች። ፈረንሳይ አገር ስለ ጨዋማ አፈር የተመራመረው ፎምባ የመመረቂያ ጽሑፉን በፖስታ ላከለት፤ ዙማና ሁለት ክረምት ሙሉ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ አነበበው። ከዚያ በኋላ ወንዝ ዳር ስንሄድ ጎንበስ ብሎ አፈር ይቀምስ ጀመር። ዳካር እስር ቤት የነበረ፣ የተበላሸ መድኃኒት ሲሸጥ የተያዘ አንድ ፎምባም ጽፎለታል። ዙማና እሱንም መዘገበው፤ ፎምባ ነዋ።

የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን አንድ ስም ብቻ ነበር፦ «ሲሪማን ፎምባ፣ ገበሬ፣ ሶሮቡጉ።» አባቱ ነው። ዙማና አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ ነው የሞተው። ፎቶ የለው፣ መቃብሩን ጎርፍ ወስዶታል። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንደሚደክም ስጠይቀው ያንን ገጽ ከፍቶ ነበር ያሳየኝ።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ዶክተሩ ከባማኮ መጣ። የታሪክ ምሁር፣ የፎምባዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። የዙማና ቤት ጣሪያ ዝቅ ቢልበት ጊዜ የኔ ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። ደብተሮቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ ጣቱን በምራቅ እየነከረ ነው የሚገልጠው፣ ያኔውኑ አስጠላኝ። ከዚያ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰውዬ «አንተ» እያለ፣ ደብተሮቹ መጽሐፍ እንደሚወጣቸው ነገረው።

«የኔ ስም ባይኖርበት ግድ የለም፣ ዶክተር» አለው ዙማና። «የአባቴ ብቻ እንዳይቀርብኝ እለምንዎታለሁ።»

«አባትህማ የመጀመሪያው ገጽ ነው» አለው። አሥራ አንዱን ደብተር መኪናው ውስጥ ጭኖ ሄደ።

ከዓመት በኋላ መጽሐፉ ሶሮቡጉ፣ የፎምባዎች መነሻ በሆነው መንደር ሊመረቅ ሆነ። ማኅበሩ ለበዓሉ አንድ ዓይነት ጨርቅ አሳተመ፤ የዙማናን ቡቡ፣ ያንን ሰፊ ረጅም ቀሚስ፣ እኔው ሰፋሁት። ስለካው «እጅጌው ትንሽ ይስፋ፣ አባቴ ሰፊ ይወድ ነበር» አለኝ። በማለዳ አውቶቡስ አብረን ሄድን።

በድግሱ ድንኳን በር ላይ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ዙማናን ከላይ እስከ ታች አየውና የሲሪማን ልጅ መሆኑን ጠየቀው። «እንግዲያው ወደ ጓሮ እለፍ፣ ቢላዋው እዚያ ነው» አለው። እኔ ጅሉ ክብር መስሎኝ፣ በሬ አሳራጅ አደረጉት ብዬ ደስ አለኝ። ዙማና አዲሱን ቡቡ አውልቆ፣ አጥፎ፣ አስታቀፈኝና ሄደ። ሁለት በሬ አርዶ፣ ገፎ፣ ፈርሱን አራግፎ አንጀቱን ሲያጥብ ዋለ። ሽታው እስከ ድንኳኑ ይመጣ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አዝማሪው እየዘፈነ፣ ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ ስለ ፎምባ ሊቃውንት ይናገራል። መጽሐፉ ሲታደል አንድ ወሰድኩና ሲሪማንን ፍለጋ ገባሁ። መካኒኩ አለ። አዋላጇ አለች። ሼሁ፣ የትንኟ ሴት፣ የአፈሩ ሰው፣ ሁሉም ዙማና በጻፈው ቃል ሳይቀነስ ሳይጨመር ተቀምጠዋል። ያ የዳካሩ መድኃኒት ሻጭ «ታዋቂ ነጋዴ» ተብሎ ከነፎቶው አንድ ገጽ ይዟል፤ በሬዎቹን የገዛው እሱ ነበር። ሲሪማን የለም። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ለሶሮቡጉ የቤት ውላጅ ለዙማና፣ ስላደረገልን አገልግሎት።»

አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነገረኝ። የዙማና አያት በአንድ ፈረስ የተገዛ ሰው ነው፤ በጌታው ቤት ሲኖር በጌታው ስም ተጠራ፤ በድግስ ማረድና አንጀት ማጠብም የእንዲህ ያለው ሰው ዘሮች ሥራ ነው። «ስሙ የኛ ነው፣ ደሙ ግን አይደለም» አለና የጎረጎረውን ምንጣፉ ላይ እንትፍ አለው።

ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ ቃል መግባቱን አስታወስኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቆጣም ሳይል መለሰልኝ።

«ይህ የዘር ሐረግ ጥናት ነው፣ የርኅራኄ መዝገብ አይደለም። ዙማናም ቦታውን ያውቃል።»

አንድ ነገር ግን በእጄ አለ ብዬ አሰብኩ፤ ኩሊባሊ ነኝ፣ በፎምባ ድግስ ላይ ማንም አፌን አይዘጋም። ድምፅ ማጉያውን ከአዝማሪው እጅ ነጠቅኩና ለሁሉም ተናገርኩ።

«እናንተ ፎምባዎች፣ ሌቦች ናችሁ። ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ጓሮ ሆኖ አንጀት ያጥብላችኋል። አንድ ጊዜ የሞተ አባቱን እዚህ ደግማችሁ ገደላችሁት።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ እልል አሉ። አዝማሪው «ሌቦች ናችሁ» የሚለውን ተቀብሎ በዜማ አደረገው። እኔ በጮኽኩ ቁጥር ሳቁ ባሰ። ዶክተሩ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ «አደንጓሬው ፈላበት» አለ፤ ያ መድኃኒት ሻጭ ተነስቶ ላብ ባጠመቀው ግንባሬ ላይ የገንዘብ ኖት ለጠፈልኝ። ለቀልድ የተሰጠኝ አፍ ለእውነት አልሠራ አለኝ። የራሴን አፍ እንደዚያን ቀን ተጠይፌው አላውቅም።

ወደ ጓሮ ዞርኩ። ዙማና እስከ ክርኑ ደም ነው፤ ዝንብ ወሮታል። ድምፅ ማጉያው ጓሮ ድረስ ይሰማ ነበርና ሁሉንም ሰምቷል። «ደህና አድርገህ ሰደብካቸው» አለኝ። የበሬ አንገትና ጨጓራ በሳፋ ሰጥተውት ነበር፤ የአራጁ ውላጅ ድርሻ ነው። ሳፋውን ለመንደሩ ውሾች ደፋሁት። እሱ ታጥቦ ቡቡውን ለበሰ፣ ወደ አውቶቡሱ ሄድን።

መንገድ ላይ የአያቱን ነገር ያውቅ እንደነበር ጠየቅኩት። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

«ታዲያ እኔ ጠዋት ጠዋት ባሪያዬ ስልህ ለምን አልከለከልከኝም?»

«አንተ ፎምባን ሁሉ ባሪያዬ ትላለህ። ዶክተሩንም ብታገኘው ትለዋለህ» አለኝ። «በቀን አንድ ጊዜ ፎምባ የሚያደርገኝ ሰው አንተ ነበርክ፣ ሞሪባ። እንዴት ተው ልበልህ?»

በመስኮት ማሽላውን ማየት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ደብተሮቹን በሕግ እናስመልሳቸው አልኩት። አያስፈልግም አለ፤ ደግሞም ሁሉም ነገር ደብተር ውስጥ የለም። ከዚያ አንድ ነገር ነገረኝ። ድሮ ፖስታ ቤት ሳለ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። አንዲት አሮጊት መጥታ ለወንድሟ ደብዳቤ አስጻፈችው። ደብዳቤው ውስጥ አባታቸው ገበያ ላይ በሦስት አሞሌ ጨው የተሸጠበትን ቀን፣ የገዛውም ፎምባ ስሙን እንደሰጠው ታነሳለች። ወንድምየው የዶክተሩ አያት ነው። መጽሐፉ ላይ አራተኛው ገጽ፣ «የተከበሩ» ተብለው የተጻፉት።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ሹፌሩን እናስቁመው። ተመልሰን በሁሉም ፊት አንተ ራስህ ተናገረው፤ ባንተ አይስቁም። ያኔ ወይ አባትህ ይገባል፣ ወይ ደግሞ...»

«ወይ የሱ አያት ይወጣሉ» አለ ዙማና። «እሳቸው ምን አደረጉኝ?»

እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ዙማና ባለፈው ዓመት ሞተ፤ ዶክተሩ በቅርቡ ሁለተኛ እትም አውጥቷል፣ ሲሪማን እዚያም የለም። ይኸው እኔም እንደ ዙማና የዶክተሩን ስም ሳልጠራ ጨረስኩ። መጥራቱ ግን እንዴት እንደሚያምረኝ።