በመኪና መግቢያውና በቤታችን መሠረት መካከል የተከፈተው ስንጥቅ

ዛሬ ጠዋት አባቴን ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ልጄ፣ ወደ ቤቴ ወደ ገሳይ መልሽኝ። ይህ ቤት ውሃ ያፈልቃል" አሉኝ።

ደብረ ታቦር ያመጣኋቸው ጉልበታቸውን ላሳክም ነበር። የትናንቱ ዝናብ ግን አልጋቸው ሥር ገብቶ ወለሉን አርሶታል።

ወጥቼ ሳይ፣ ለመኪና መግቢያ ያስደረግነው ሊሾ ከቤቱ መሠረት ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። የጣራው ውሃ በሙሉ የሚሰርገው በዚያ ነው። (መኪናው ገና አልተገዛም። መግቢያው ግን ቀድሞ ተሰነጠቀ።)

ባለቤቴ "ክረምቱ ይውጣና ባለሙያ እንጠራለን" አለ።

"አባዬ እስከ መስከረም አይጠብቁንም" አልሁትና ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበረከክሁ።

ክፍተቱ ውስጥ የበቀለውን ሣርና ጭቃውን በቢላዋ ፍቄ አወጣሁ። እሱም ትንሽ ቆሞ አየኝና ሲሚንቶና አሸዋ ሊያቦካ ሄደ። ጠቅጥቀን ሞላነው፤ ውሃው ከግድግዳው ርቆ ወደ ቦዩ እንዲወርድም ከላይ ዘቅዘቅ አድርገን ለሰንነው። እስኪደርቅ ድረስ ላስቲክ አለበስነው።

ከሰዓት በኋላ ዶፉ ወረደ። እኔ ከአልጋው ሥር ተደፍቼ ወለሉን በእጄ ስዳስስ አባቴ ከበላዬ ቆመዋል።

"ደረቅ ነው፣ አባዬ።"

እሳቸውም ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። "ነገ ሐኪም ቤት በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" አሉኝ።

ላስቲኩ ሲነሳ ደግሞ አየዋለሁ። ውሃ ካስገባ እንደገና ፍቄ እደፍነዋለሁ እንጂ አባቴን አልመልስም።

እናንተስ ቤት ክረምቱ በየት በኩል ገባባችሁ? በምን መለሳችሁት?