አማቴ መድኃኒቴን የቀመሱ ዕለት

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አማቴ የቤቱን መጋረጃ በሙሉ አውርደው ማጠብ ጀመሩ። ሰው አንዳንድ ቀን ይነሳበታል። ቀጥለው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ጠረጉ። ከዚያ የኮሚቴውን ሰብሳቢ በር አንኳኩተው፣ ስለተሰበረው የደረጃ መደገፊያ ረዘም ያለ የአቋም መግለጫ አሰሙ።

ይሄኔ ጠረጠርኩ። ሴትየዋ እኮ ደም ግፊት ያለባቸው፣ ከምሳ በፊት ከሶፋ የማይነሱ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ቀን ላይ ሳላስበው ድፍት የሚያደርገኝ የእንቅልፍ ሕመም አለብኝ። የሚያነቃኝን ኪኒን ሳረግዝ በሐኪም ትእዛዝ አቁሜው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የሦስት ወር ልጄን ኪያን እያጠባሁ እንቅልፍ ጣለኝ... ስነቃ አፍንጫው ጡቴ ላይ ተደፍኖ በእግሩ ይራገጣል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ በረርኩ። ጠየቀኝ፣ ልጁን አገላብጦ አየው፣ ከኪኒኑ አነስ ያለ መጠን አዘዘልኝ። «የልጁን እንቅልፍና ክብደት ግን እንከታተላለን» አለ።

አማቴ ይግባኝ አሉ።

«ያንቺ ኪኒን በጡትሽ አድርጎ የልጄ ልጅ ሆድ ሊገባ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

ኪኒኑ ቁም ሣጥን ላይ ለሦስት ቀን በቁም እስር ዋለ። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ አንቀላፋሁ፣ ባነንኩ፣ ልጄን አነሳሁ፣ ፈርቼ አስተኛሁት፣ ሲያለቅስ እንደገና አነሳሁት...

ማክሰኞ ዕለት ብቆጥረው አንድ ፍሬ ጎድሏል።

«እማማ፣ ኪኒኔን ነክተዋል እንዴ?»

«ቀመስኩት» አሉ፣ መጋረጃ እየጠመዘዙ።

እሳቸው ባደጉበት የአቃቂ ገጠር፣ ቀጂዋ ጠላውን በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም። መርዝ እንደሌለበት በራሷ ሆድ ትመሰክራለች። ታዲያ ለልጅ ልጃቸው የሚሄደው ነገር ያለ ቀማሽ ይለፍ?

«ጠላ እኮ ጠብታ ነው እማማ! እርስዎ ሙሉ ኪኒን!»

«እና ኪኒን እንዴት ነው ጠብ የሚለው?»

ፍሬዎቹን እንደገና ቆጠርኩ።

«ልቤ ግን...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደ ባጃጅ ትንደቀደቃለች።»

እውነተኛውን ባጃጅ ጠርቼ ወደ ክሊኒክ ከነፍን። ልጁን እሳቸው አቀፉ፤ እኔ ደግሞ ቁጣዬን ጀመርኩ። «ሰው ያልታዘዘለትን መድኃኒት... ያውም በእርስዎ ዕድሜ... አንድ ነገር ቢሆኑ ለልጅዎ ምን ብዬ...»

እዚያ ላይ እንቅልፉ ጣለኝ። ዐረፍተ ነገሩን እንኳን ሳልጨርስ።

ስነቃ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመናል። ጭንቅላቴ አማቴ ትከሻ ላይ ነው። አንድ እጃቸው አገጬን፣ ሌላው ኪያን ደግፏል። 

«እንዲህ ነው የሚጥልሽ?»

«እንዲህ ነው።»

«እኔ እኮ ስንፍና መስሎኝ...» አሉና ልጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እስኪወርድ ድረስ ሐኪሙ እዚያው አስተኛቸው፤ ተግሣጽም ጨመረላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት፣ ሲጨርስ ቀና አሉ።

«የኔን ተወው ልጄ። እሷ ኪኒኗን አሁኑኑ ትዋጥ። ልጁን እኔ እከታተላለሁ።»

ይኸው ኪኒኔን መዋጥ ጀመርኩ፤ ኪያም ደህና ይተኛል። ብቻ አማቴ ክትትሉን ከልባቸው ይዘውት... እንቅልፍ መተኛቱን ለማረጋገጥ በየሰዓቱ ይቀሰቅሱታል።