የሊቀመንበሩ የክርስትና ስም

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የአባቴ የክርስትና ልጅ ነበር። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ የታቀፈው አባቴ ነው፤ በየበዓሉ እየመጣ ጉልበቱን ስሞ ከገበታችን ይቀርብ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሽጉጥ ታጠቀ፤ የቀበሌውንም ስብሰባ እሑድ ጠዋት፣ በቅዳሴ ሰዓት አደረገው። አባቴ ቅዳሴውን መርጦ ሦስት ጊዜ ቀረ። በሦስተኛው ማግስት ፀረ አብዮት ተብሎ ቀበሌው ግቢ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ተዘጋበት።

ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁበት ዓመት ነበር። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለማፍር ፌርማታዬን አልፌ ከአየር ጤና በእግሬ የምመለስ ሰው ነበርኩ። እናቴ ያዘጋጀችውን ምሳ ይዤ ስሄድ ዘበኛው ወጡን በጣቱ ይፈትሻል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ አያለሁ።

አባቴ በታሰረ ማግስት የጸሎት መጽሐፉን አወረድኩ። ሰው በጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ የሊቀመንበሩን ደግሞ ከእናቱና ከእኛ ቤት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ በግፈኛ ላይ የሚደገመውን ሁሉ በዚያ ስም ደገምኩበት። ምሕረት አልለመንኩለትም። እንቅልፍ እንዲያጣ፣ አባቴን ያሳሰረውን ፊርማ የፈረመው እጅ እንዲደርቅ ለመንኩ። የተማርኩ ነኝ፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። የገረመኝ ሌላ ነው። ስጀምር የሚንቀጠቀጠው ድምፄ ስጨርስ ጸንቶ አገኘዋለሁ። ከሊቀመንበሩ በላይ የሚሰማኝ ዳኛ እንዳለ ባመንኩ ቁጥር ሰውየው እያነሰብኝ መጣ።

አንድ ሐሙስ ዘበኛው ሳህኑን ሲመልስልኝ፣ አባቴ ቅዳሜ ከቀበሌው በላይ ወዳለው የከፍተኛ እስር ቤት እንደሚዛወር ነገረኝ። ከሰፈራችን ወደዚያ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላየንም።

ዓርብ ጠዋት ጸሎቴን ጨርሼ በቀጥታ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ። ሁለት ጓዶቹ አብረውት ተቀምጠዋል። ከሚጽፈው ቀና ሳይል፣ "ምነው፣ ያ መድኃኔዓለማቸው አያስፈታቸውም?" አለ። ጓዶቹ ሳቁ።

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣ በክርስትና ስሙ ጠራሁት። "በየማለዳው በዚህ ስም እየደገምኩብህ ነው። አባቴ ቤቱ ሲገባ እተዋለሁ።"

በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ውሏል፤ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እስክሪብቶው ቆመ። ጓዶቹን አስወጣቸው።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"አሥራ ስምንት።"

ቀኝ እጁን በግራው ያሻሽ ጀመር። ስለ እጁ ግን ምንም አልነገርኩትም ነበር።

አባቴ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለእርጅናው ሲባል በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። እንዴት እንደተፈታ ስነግረው አልተደሰተም። "እሱም ልጄ ነው" ብሎ መጽሐፉን ተቀበለኝ፤ ሄጄም መተዌን እንድነግረው፣ ሰላም እንድሰጠው አዘዘኝ። እሺ አልኩ።

መተዉን ትቻለሁ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። አልነገርኩትም እንጂ። ወደ ሌላ ቦታ እስኪዛወር ድረስ፣ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ቆም እልና ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ምንም አልልም። እሱ ግን ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።