በባዶ መንገድ የተፈተነ ቱርቦ

የሚስቴ ወንድም ጆሮ እንጂ ጭንቅላት አልነበረውም። ቱርቦ የሚመርጠው በፉጨቱ ነበር! አንድ ቀን ካርቱም ባሕሪ የምሠራበት ጋራዥ፣ ወርሻው ድረስ መጥቶ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛውን የጭነት መኪና ቱርቦ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገው።

"ጋሼ፣ ይሄን ግጠምልኝ። ሐፍላዬ ትብረር!"

ሐፍላ የሚላት ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር ሠራተኞች ጭኖ ባሕሪ ያለ ፋብሪካ የሚያደርስባትን ሚኒባስ ነው። ከፋብሪካው ጋር ኮንትራት ነበረው፤ በወር ሁለቴ ካረፈደ ግን ኸላስ፣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። የድሮዋ ቱርቦ አርጅታ ዘይት መጠጣት ስለጀመረች መቀየሯስ ግድ ነበር።

"ስማ" አልኩት፣ "ቱርቦ በሞተሩ ጭስ ዞሮ ነው ለሞተሩ አየር የሚነፋለት። ይሄ ግዙፍ እስኪነቃ ድረስ መኪናህ ይተኛል። በጣም ትንሿ ደግሞ ቶሎ ትነቃለች፣ ግን ፍጥነት ሲጨምር ትንፋሿ ያጥራል። ላንተ የምትሆነው መካከለኛዋ ናት። ያችውልህ፣ መደርደሪያው ላይ።"

ሳቀብኝ። "አንተ እኮ ድሮም ፈሪ ነህ! እህቴም ብላኛለች።"

እኔን! ጸጉሬ ሞተር ሥር የሸበተውን ሰውዬ! ደሜ ፈላ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አልኩና ማያያዣውን በብየዳ አስተካክዬ ያንን ጉድ ገጠምኩለት።

የፈተንነው ዓርብ ጠዋት ነው። እዚህ አገር የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ነውና እኛ አበሾችም ሥራ የምንፈታው ያን ቀን ስለሆነ፣ የተጠገነ መኪና ሁሉ የሚሞከረው ዓርብ ነው። ካርቱም ደግሞ ዓርብ ጠዋት ሰው የለባትም፤ ኩብሪ የምንለው ድልድይ እንኳ ጭር ይላል። ባዶ ሐፍላ፣ ባዶ መንገድ! መጀመሪያ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ፉጨቱ ተነሳና ወንበሩ ላይ ለጠፈን። የሚስቴ ወንድም መሪውን እየደበደበ "ያ ሰላም! አየህ ጋሼ?" ይላል። ሰው ሳይጭኑ፣ መንገድ በመኪና ሳይዘጋጋ ቱርቦ መፈተን ዋጋ እንደሌለው አጥቼው ነው? ዝም አልኩ። በሆዴ እየሳቅሁ ዝም አልኩ።

እሁድ የሱዳን የሥራ ሳምንት ሲጀመር ሐፍላዋ ጢም ብላ ሞልታ የኩብሪው አቀበት ላይ ተያዘች። እሱ ነዳጅ ይረግጣል፣ እሷ ጥቁር ጭስ ትተፋለች እንጂ አትላወስም። ቱርቦው ሊነቃ ሲል የፊተኛው መኪና ይቆማል፣ ፍሬን ይይዛል፣ እንደገና ከዜሮ። በከፈተው ቦታ ሁሉ ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ ሳይቀር ገባበት። ተሳፋሪው "ያላ ያ ዞል! ቶሎ በል አንተ ሰው!" እያለ ሲጮህበት አረፈደ። ሰኞም እንደዚያው አረፈደ። ማክሰኞ ኮንትራቱ ለሌላ ተሰጠ።

ወርሻ ሲመጣ ስድቤን አሰናድቼ ነበር የጠበቅሁት። "በፉጨት የሚነዳ ደንቆሮ!" ልለው ነበር። እሱ ግን አልጮኸም፣ አልተከራከረም። በሩ ላይ ቆሞ፣

"ጋሼ፣ ዓርብ ዕለት ዝም ስትል የተስማማህ መስሎኝ ነበር" አለኝ። "የማይሆን ቢሆን መቼም ትነግረኝ ነበር ብዬ።"

ስድቡን ተውኩት። መካከለኛዋን ቱርቦ ከመደርደሪያው አወረድኩና ቀና ብዬ ሳላየው መግጠም ጀመርኩ። ሐፍላዋ ግን የምትሄድበት ሥራ አልነበራትም።