የጎደሉት አራት ገጾች

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቤዛ ለመንግሥት ሥራ ፈተና ስታጠና በራፋቸው ላይ አገኘኋት። “ጋሼ፣ ሰው ሠራሽ አደጋ የሚባለው የትኛው ነው?” አለችኝ። የእሳት ቃጠሎ፣ የግድብ መደርመስ፣ የመርዝ ጋዝ፣ ጦርነት እያልኩ በተርታ ነገርኳት። “እንዴት እስካሁን አልረሱትም?” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በደርግ ጊዜ ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ከጓደኛዬ ከታደለ ጋር ጎን ለጎን ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ በፈተና አወዳድሮ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ፤ ሁለታችንም ተመዘገብን። ሥራ የሌለውን ወጣት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይመለምል ስለነበር፣ ያ ወንበር ለሁለታችንም ከደሞዝ በላይ ነበር።

ስለ አደጋ መከላከል የተጻፈ መጽሐፍ አራት ኪሎ ከሚሠራ ሰው ለሁለት ቀን ተዋስኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት መጽሐፍ እየገለበጥኩ ነው፤ ስገለብጥም ነጠላ ሰረዝ አላልፍም። ታደለ፣ “ዋናው መጽሐፍ ያንተን አይቶ ይታረም” እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቅጂውን በነጠላ ወረቀት ጽፌ፣ ገጾቹን ቁጥር ሰጥቼ በክር አሰርኩት። ክረምት ነበር። ከታደለ ጋር ቆርቆሮው ሥር ቆመን የተጠበሰ በቆሎ ስንበላ፣ “በል አውሰኝ እንጂ፣ የአራዳ ልጅ አይሰስትም” አለኝ። እሺ ብዬ ገባሁና ክሩን ፈትቼ ስለ ሰው ሠራሽ አደጋ የሚያወራውን ክፍል፣ ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ ያሉትን ገጾች፣ አውጥቼ ፍራሽ ሥር ከተትኩ። ሐሰተኛ የገጽ ቁጥር መጻፍ ግን አልሆነልኝም። ያን ያህል ጥንቁቅ ነበርኩ።

ትልቁ ጥያቄ ከዚያው ክፍል መጣ። ውጤቱ ሲለጠፍ የወጣው የእኔ ስም ነበር።

በማግስቱ ታደለ ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ከዝናብ ሸሽጎ አመጣልኝ።

“ስማ፣ እንዳትቀየመኝ። ከአሥራ ስድስት ቀጥሎ ሃያ አንድ ነው። አውቶቡስ ላይ ሳልጥልብህ አልቀረሁም።”

“ምንም አይደል።”

“እንዴት ምንም አይደል? ስንት የለፋህበትን!”

“ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ” አልኩት። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ።

መስከረም ላይ ቀበሌው ጠራው። ወደ ሰሜን ዘመተ፤ አልተመለሰም። እኔ እስከ ጡረታዬ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ገጾቹን የደበቅሁት ውትድርናውን ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ያልኩት ግን ስሜ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ያን ቀን የምፈራው ነገር አልነበረም።